ነፃ ፎርም በገንዘብ አይገዛ!

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የዘንዘልማ ነዋሪዎች በሙሉ፤

ሐምሌ በገባ ቁጥር ግብር የሚከፈልበት ቦታ ደጃፍ ላይ ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ የሚቆም ሰው አይጠፋም። «እማማ፣ ፎርም አለዎት? ልሙላልዎት?» ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸ ነው። ጠላ ሸጣ የምታድር እናትና ሁለት ክፍል ለተማሪ ያከራየ ጡረተኛ ለአንዲት ወረቀት የቀን ገቢያቸውን ቆጥረው ይሰጣሉ። ደረሰኝ የለ፣ ነገ ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂ የለ።

ይህ አሠራር መቆም አለበት!

ግብር የምንከፍለው ለመንግሥት ነው እንጂ ለፎርም ሻጭ አይደለም። የግብር ማስታወቂያ ፎርም ከገቢዎች ጽ/ቤት በነፃ የሚሰጥ ወረቀት ነው። አሞላሉን ማስረዳትም የጽ/ቤቱ ሥራ እንጂ ውለታ አይደለም። ሰልፍ በዛ ይባላል። ሰልፍ ከበዛ ጠረጴዛ ይጨመራል እንጂ ሕዝብ ወደ ደላላ አይገፋም።

«ትንሽ ብር ብሰጠው ምን አለበት?» የምትሉ አላችሁ። ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። የሚጎዳው ሳያውቁ የሚፈርሙበት ቁጥር ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ከኪራዩ ላይ በሕግ የሚቀነስለት ወጪ አለ፤ ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ጠቅላላውን ኪራይ ጽፎ ያስፈርማል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛ ግብሩን አሠሪው ቆርጦ ስለሚያስገባለት ለፎርም ሙያተኛ የሚከፍለው ምክንያት የለውም። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ ከወር ደመወዝ ላይ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የነጋዴው ደረጃ አመዳደብም ተለውጧል። ታዲያ የአሮጌ ወረቀት ፎቶ ኮፒ የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቃል ወይ?

ሰው ያልተረዳው ግብር ጠብ ይወልዳል። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ አንዱ ምክንያት ገማቾቹን አለማመኑ ነበር፤ በዚያም ደም ፈሷል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአንዳንድ ከተሞች ሱቅ እስከ መዘጋት ተደርሷል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቅሬታውን አቅርቦ ግምቱ እንደገና የታየለት ነጋዴ አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያማረረ ግን ምን አገኘ?

ቅሬታ መብት ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው። እኛ በክልሉ ሕግ ስለምንከፍል ወረቀቱ በደረሳችሁ ዕለት የጊዜ ገደቡን ጽ/ቤቱን ጠይቁ። ነገ ዛሬ አትበሉ።

የተማራችሁ የሰፈራችን ልጆች! አሜሪካን አገር የሒሳብ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች የደኃውን ሰው የግብር ፎርም በነፃ መሙላት ከጀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛ ዘንድ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ተቀምጠን፣ አካውንቲንግ ተምሮ የተመረቀ ልጅ በየቤቱ እያለ፣ እናቶቻችን ለማያውቁት ሰው ይከፍላሉ። ይህ አያሳፍርም ወይ?

ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ፤

1ኛ. ማንም አባል ለፎርም ገንዘብ አይክፈል። ክፈል የተባለ ሰው ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቅ።

2ኛ. ባዶ ፎርም ላይ ማንም አይፈርም። የተጻፈው ቁጥር ይነበብለት፤ ቅጂውንም ይያዝ።

3ኛ. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውልና የአምናው ደረሰኝ ከሰኔ ጀምሮ በአንድ ላይ ይቀመጥ።

4ኛ. ሒሳብ የተማራችሁ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ። ሐምሌን በሙሉ በየቅዳሜው ጠረጴዛና ወንበር ማኅበሩ ያቀርባል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው።

5ኛ. ጽ/ቤቱ በሐምሌ አንድ አስረጂ ሠራተኛ እንዲመድብልን ማኅበራችን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ግብራችንን እንከፍላለን፤ ለደላላ ግን አንገብርም!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ዘንዘልማ