አማልጋምን የሚተካው የጥርስ ሙሌትና የግዢ ሰነዶቻችን

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በጄኔቫ የተሰበሰቡት የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች፣ ሜርኩሪ ያለበት የጥርስ ሙሌት ማለትም አማልጋም እ.ኤ.አ. እስከ 2034 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተስማምተዋል። ውሳኔው ከመካነ ሰላምና ከምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ እጅግ የራቀ ይመስላል። ሆኖም የተሞላ ጥርሱ የተበላሸበት የቦረና ገበሬ ለተሻለ ሕክምና በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ መጓዝ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ተተኪው ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ የግዢ ባለሙያዎችን በቀጥታ ይመለከታል።

ዋነኛው ተተኪ ኮምፖዚት ነው። በሰማያዊ ብርሃን ሲጠነክር ሞለኪዩሎቹ ተያይዘው ስለሚቀራረቡ ይዘቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 በመቶ ይቀንሳል፤ ቀጠን ያሉት ዓይነቶች ከዚህም በላይ ይኮማተራሉ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሙሌቱ የሚኮማተረው ከጥርሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው። ማጣበቂያው ከለቀቀ በዓይን የማይታይ ክፍተት ይፈጠርና ባክቴሪያ ይገባበታል።

መኮማተሩን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይኤስኦ 17304 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ናሙናው ከመጠንከሩ በፊትና በኋላ በአየርና በፈሳሽ ውስጥ ተመዝኖ የእፍጋቱ ለውጥ እንዲሰላ ያዛል። መሠረቱ የጥንቱ የአርኪሜደስ ሕግ ነው። የሚገርመው፣ ቀደም ባሉት ዓመታት መኮማተሩን ለመለካት ሜርኩሪ የተሞላበት የመስታወት ቱቦ ይሠራበት የነበረ መሆኑ ነው።

በአምራቾች የመረጃ ወረቀት ላይ የሚሰፈረው በመቶኛ የተገለጸ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሙሌቱ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት መኮማተሩን ስለሚቀጥል፣ ቶሎ የተለካው አነስ ብሎ ይታያል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቂ ብርሃን ያላገኘ ኮምፖዚት አነስተኛ መኮማተር ማሳየቱ ነው፤ ይህም ጥራት ሳይሆን በሚገባ ያለመጠንከር ምልክት ነው። ስለዚህ ሁለት ምርቶች የሚነጻጸሩት በአንድ ዘዴና በእኩል ጊዜ ሲለኩ ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩም በአይኤስኦ 4049 ከሚለካው የጥንካሬ ጥልቀት ጋር አብሮ መነበብ አለበት። ባትሪው የደከመ መብራት ባለበት ክሊኒክ ውዱ ኮምፖዚትም ቢሆን ከንቱ ነው።

የብርሃን መሣሪያ አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ግላስ አዮኖመር የተሻለ ምርጫ ይሆናል። ያለ ብርሃን ይጠነክራል፣ ከጥርስ ጋርም በኬሚካል ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታንዛኒያ የተጀመረውና ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሰጠው የጥርስ ሕክምና ዘዴ ዛሬ የሚጠቀመው በዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካትቶታል። እርግጥ እሱም ይኮማተራል፤ ከባድ ማኘክ በሚያርፍበት ሰፊ ጉድጓድ ላይም ከኮምፖዚት ይልቅ ደካማ ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን በቁጥጥር ሥር አካትቷል። የጤና ተቋማትም በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ አቅራቢው የመኮማተሩን መጠን፣ የተለካበትን ዘዴና ሰዓት እንዲሁም ያገለገለውን የብርሃን መጠን እንዲያቀርብ የሚያስገድዱ ሁለት መስመሮች ቢጨምሩ የሚጠይቃቸው ተጨማሪ በጀት የለም።