የትምህርቱ ለውጥ ከገጠር ትምህርት ቤት ለምን ዘገየ?

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል በአገራችን የወጡት ዕቅዶች ጥቂት አይደሉም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ ልጆች የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይሁን እንጂ መምህራንና ወላጆች በሚገባ ሳይመክሩበት በመዘጋጀቱ የድሀውን ልጅ ከታች ሊያስቀር ነው የሚል ጥርጣሬ አሳደረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙም ዕቅዱ ተግባር ላይ ሳይውል ቀረ። በ1986 ዓ.ም. ሌላ ፖሊሲ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ፖሊሲ ጸድቆ የትምህርቱ እርከን 6፣ 2 እና 4 ዓመት ሆነ።

ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ የተማሪው ቁጥር በእጅጉ ማደጉ አይካድም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ3 ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 18 ሚሊዮን ደርሷል። በዚህም ድንጋይና እንጨት ያቀረበው፣ ጉልበቱን ያዋጣው ገበሬ ድርሻ ከፍተኛ ነው። የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ዳሱን የሠሩት ገበሬ ማኅበራት ነበሩ። (ቀበሌ ከተባለ ስንት ዓመቱ፣ በብዙ ገጠር ስሙ ግን ዛሬም ገበሬ ማኅበር ነው።)

ችግሩ ያለው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪው ሳይደግም እንዲያልፍ የተደረገው በተከታታይ ምዘናና እገዛ ታግዞ ነበር፤ መጽሐፍ ባልተሟላበትና ክፍሉ በተጨናነቀበት ቦታ ግን እገዛው ቀርቶ ማለፉ ብቻ ቀረ። ፊደል ሳይለይ 4ኛ ክፍል የገባ ልጅ የሳይንሱን መጽሐፍ በምን ያነበዋል? በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ የሆኑት በአንድ ዓመት ስንፍና አይደለም። በ2016 ቁጥሩ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻል ነው፤ ግን ዘገምተኛ ነው።

ለውጡን የሚያዘገየው አንዱ ምክንያት ገበሬው የሚጠየቅበትና የሚወስንበት ጉዳይ አለመመጣጠኑ ነው። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ እንደታየው ማሻሻያ ሲነሣ በየስብሰባው ቀድሞ የሚቀርበው መዋጮ ነው። የወረዳው የትምህርት በጀት ደግሞ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚያገኘው፣ በተለምዶ «ስኩል ግራንት» የሚባለው ድጎማም ለምን እንደዋለ የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተቋቋመው ይህን እንዲጠይቅ ጭምር ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ቦታ ሥራው ገንዘብ መሰብሰብ ብቻ ሆኗል።

መዋጮ የሚያስተባብር የቀበሌ መሪ ከሒሳቡ ጋር ሌላም ሪፖርት ሊጠይቅ ይገባል፤ ከ3ኛ ክፍል ልጆች ስንቱ ያነባሉ? አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ደረሰ? መምህሩ በሳምንት ስንት ቀን ተገኘ? በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ልጆቹን ከክፍል ማስቀረቱ ግን የወላጆችና የቀበሌው ጉዳይ ነው፤ ይህን ማንም ከወረዳ መጥቶ አይፈታውም። የወረዳው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የመጽሐፍና የመምህር ጥያቄ ከሰኔ በፊት በጽሑፍ ለወረዳው ምክር ቤት ካልቀረበ ለሌላ አንድ ዓመት ይቆያል።