ቀፎው በቶርኖ ይሠራል፤ ዕድሜው በከሚሴ ሙቀት ይለካል

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ጋዝ ወዳለበት ማጠራቀሚያ የሚገባ ጠጋኝ በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍሰው አየር በኮምፕረሰር ታምቆና በካርትሪጅ ተጣርቶ የተሞላ ነው። የካርትሪጁ ቀፎ ለቶርኖ ባለሙያ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም፦ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጥርስ የወጣለት ክዳን፣ የኦሪንግ ማስቀመጫ ቦይ፣ ወንፊትና መሙያውን አጥብቆ የሚይዝ ሞላ ነው። ከውጭ የሚገባው ግን በአብዛኛው አንድ ጊዜ አገልግሎ ከነቀፎው ይጣላል፤ ያለቀው መሙያው ብቻ ሆኖ ሳለ። የውጭ ምንዛሪ በሚቸግርበት አገር ይህ ብክነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ በዘጋ ጊዜ ደግሞ በመስመሩ ላይ ያሉት ከተሞች በአንድ መንገድ ብቻ የሚመጣ አቅርቦት ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ አይተዋል። ስለዚህ ተመልሶ የሚሞላ ቀፎ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዓይነት ወርክሾፕ ተሠርቶ ለከሚሴና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ይድረስ የሚለው ሐሳብ ድጋፍ ይገባዋል።

ድጋፉ ግን ወሰን ሊኖረው ይገባል። ቀፎው የሚቀመጥበት የውጭው ሲሊንደር 200 ወይም 300 ባር ይሸከማል፤ እርሱን ያለ ግፊት ፍተሻ በአገር ውስጥ ቀርጾ መጠቀም ፈንጂ እንደ መሥራት ነው። ቀፎው ራሱ ግን በውስጥም በውጭም ያለው ግፊት የተቀራረበ ስለሆነ ይህ ጫና የለበትም። የእርሱ ፈተና መታተም ነው። የኦሪንጉ ቦይ ጥልቀት ካልተስተካከለ ወይም ገጹ ከተቧጨረ፣ እርጥቡ አየር መሙያውን ሳይነካ በጎን ያልፋል። አንዳንድ አምራቾች ካርትሪጅ ባልገባበት ሲሊንደር ውስጥ ግፊት እንዳይፈጠር አየሩን የሚለቅ ቀዳዳ ያበጃሉ። ቅርጹ የገጠመ ባዶ ወይም ያረጀ ቀፎ ይህን መከላከያ ያታልለዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ከብረቱ ይልቅ መሙያው ነው። መጀመሪያ ሞሎኪዩላር ሲቭ የተባለው ዜዮላይት ውኃውን ይይዛል፤ አክቲቬትድ ካርቦን የዘይቱን ትነትና ሽታ ያስቀራል፤ የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ውሑድ የሆነው ሆፕካላይት ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ሆፕካላይት እርጥበት ሲደርስበት ሥራውን ያቆማል። ከሰሉ በበኩሉ ሽታን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይይዝም። እንግዲህ ዜዮላይቱ ሲጠግብ የሚወጣው አየር ለአፍንጫ ንጹሕ ሊመስል፣ ለሳንባ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል። በጄኔሬተር አጠገብ አየር የሚስብ ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ የሚግል ኮምፕረሰር ይህን መርዝ ማስገባቱ የታወቀ ነው።

ከሚሴ በዚህ ስሌት ውስጥ የምትገባው በሙቀቷ ነው። በውኃ ትነት የጠገበ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 30 ግራም፣ በ40 ዲግሪ 51 ግራም። ከኮምፕረሰሩ የመጨረሻ ማቀዝቀዣ የሚወጣው አየር ከአካባቢው ሙቀት በጥቂት ዲግሪዎች ይበልጣል። በጨፋ ሜዳ የበጋ ከሰዓት ላይ ወደ ካርትሪጁ የሚገባው አየር 40 ዲግሪ ቢደርስ፣ በ20 ዲግሪ 30 ሰዓት ያገለግላል የተባለው መሙያ ቢበዛ 10 ሰዓት ይቆያል። ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈን የሰዓት ሠንጠረዥ በአዲሱ ቀፎ ላይ መገልበጥ የሰውን ሕይወት በማይመለከተው ቁጥር ላይ ማስያዝ ነው።

ለዚህም ውድ መሣሪያ ላይጠየቅ ይችላል። ካርትሪጁን ከሥራ በፊትና በኋላ በትክክለኛ ሚዛን መመዘን የያዘውን ውኃ ያሳያል፤ ይህንንም በከሚሴ በየወሩ የሚመዘግብ የማስተርስ ተማሪ እስከ ዛሬ ከቀረቡት የቀፎ ንድፎች ይልቅ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል። ንድፉም ከዚህ ይማራል። ዜዮላይት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ደርቆ ዳግም ያገለግላል፤ ከሰል ግን በዚያ ምድጃ ውስጥ በአየር መካከል ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ተመልሶ የሚሞላ ቀፎ መሙያዎቹ ተለያይተው የሚወጡባቸው ክፍሎች ያስፈልጉታል፤ ሁሉንም በአንድ ቱቦ አደባልቆ የሚይዝ ቀፎ «ተመላሽ» የሚባለው በስም ብቻ ነው። የደረቀውም ዜዮላይት ክፍት ሆኖ ከዋለ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ፣ ከምድጃው ወደ ቀፎው የሚገባው ሳይዘገይ ነው።

የትምህርት ክፍሎች ሥዕልና ፎቶግራፍ ብቻ የያዘ መመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው የአየሩን የፍተሻ ውጤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል፦ በአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 12021 መሠረት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን ከ5 እጅ፣ ዘይት በሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም አይበልጥም። ፍተሻውም መሙያው አዲስ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሊያልቅ ሲቃረብ መደረግ አለበት። የከሚሴ ሰዓትና ክብደት ሲታወቅም ቁጥሮቹ በቀፎው ላይ በአማርኛና በዞኑ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ይቀረጹ፤ ካርትሪጁን የሚቀይረው የኮምፕረሰሩ ሠራተኛ እንጂ ተመራማሪው አይደለምና።