ማጉላትና መጮኽ ለየቅል ናቸው

በምረቃ በዓል፣ በመሥሪያ ቤት የዓመት መዝጊያ ወይም በወዳጅ ሠርግ ላይ ተገኝቶ ከመድረኩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ከጐኑ ካለው ወዳጁ ጋር በእጅ ምልክት ሲነጋገር ማምሸቱን አይረሳውም። በማግሥቱ «ሙዚቃው እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅም «ኧረ በጣም ይጮኽ ነበር!» ይላል እንጂ ስለ ዜማው የሚናገረው ነገር አያገኝም። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር ብዕራችንን ስናነሣ ሙዚቃን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለሙዚቃ ለመሟገት ነው። ጠበቃ ሆነን የምንቆምለትም አኮስቲክ ባስ ጊታር የተባለው፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ፣ ባለ አራት ክር ትልቅ ጊታር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ተማሪዎች ሳለን ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን መሣሪያ ከዘመድ በስጦታ አግኝቶ፣ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን እየተጫወተ ያስደስተን ነበር። በስንብታችን ምሽት አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ባሱን ይዞ ከባንዱ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን ሳይጋመስ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ እንደ በሬ ግሣት ያለ ኡኡታ ወጥቶ አዳራሹን አናወጠው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ፤ የሳቀም አልጠፋም። የድምፅ ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ «ይህ ዕቃ ለመድረክ አይሆንም» አለና ገመዱን ነቀለው። ጓደኛችን የተውሶ ኤሌክትሪክ ባስ ይዞ ምሽቱን ጨረሰ፤ የእንጨቱን ባስ ግን ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ይዞ ሲወጣ አላየነውም።

እኛም በዚያን ጊዜ ፍርዱን ተቀብለን ነበር። ኋላ ነገሩን ስናጠናው ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የሰዎቹ፣ ከሰዎቹም መካከል የራሳችን ጭምር መሆኑን ተረዳን። ተከሳሹ ቃሉን ሳይሰጥ ተፈርዶበታልና ዛሬ ይግባኝ እንላለን።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም ከተለመደው ጊታር ወፍራም ክር በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ድምፅ በአየር ሲጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ብቻ ከ8 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሞገድ ገፍቶ ለማስነሣት ሰፊ ሆድ ያስፈልጋል። በደጋንም በጣትም የሚመታው ኮንትራባስ ቆሞ ሲታይ ሰው የሚያህል የሆነውም ስለዚህ ነው። አኮስቲክ ባስ ጊታር ግን በጭን ላይ የሚያዝ በመሆኑ ሆዱ ከተራው ጊታር ብዙም አይሰፋም። በዚህም ላይ የሰው ጆሮ ራሱ ወፍራም ድምፅን የሚሰማው በድካም ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንን በ1933 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። እንግዲህ መሣሪያው በጠባብ ክፍል ውስጥ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ፣ ከበሮ ባለበት መድረክ ላይ ድምፁ የሚጠፋው ተፈጥሮው ስለ ሆነ ነው። ማጉያ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ክርክራችን እንዴት ይጉላ በሚለው ላይ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። በ1951 ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ ሆድ የሌለውን፣ ከድፍን እንጨት የተሠራውን «ፕሪሲዥን» የተባለ ኤሌክትሪክ ባስ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ኮንትራባስ ለመሸከም ያስቸገራቸውንና በመድረክ አልሰማ ያላቸውን ተጫዋቾች ገላገላቸው። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን የእንጨቱ ድምፅ ናፈቀ። ኧርኒ ቦል የተባለው ነጋዴ ጊታሮን ከተባለው የሜክሲኮ ባለ ትልቅ ሆድ ጊታር ሐሳቡን ወስዶ በ1972 «ኧርዝዉድ» የተባለውን አኮስቲክ ባስ ጊታር አወጣ። መሣሪያውን በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያስታወቀው ደግሞ በ1989 የተጀመረው «አንፕላግድ» የተባለ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። በ1993 ኒርቫና የተባለው ባንድ በኒውዮርክ ባሳየው ዝግጅት ክሪስት ኖቮሴሊች የተጫወተው በዚሁ መሣሪያ ነበር። የፕሮግራሙ ስም «ከኤሌክትሪክ የተነቀለ» ማለት ቢሆንም፣ የባሱ ድምፅ ወደ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው በኤሌክትሪክ ነው። የተነቀለው ጩኸቱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በአብዛኞቹ አኮስቲክ ባስ ጊታሮች ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ሥር ቀጭን ፒክአፕ ተቀብሯል። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ በ1880 አግኝተው ነበርና፣ ይህ ፒክአፕ የሚሠራው በዚያው ጠባይ ነው፤ ስሙም ፒዬዞ ይባላል። ፒዬዞ የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የሚቀበለው ዕቃ ብዙ ከጠየቀው ይዝላል፤ ሲዝልም መጀመሪያ የሚጥለው ወፍራሙን ድምፅ ነው። መግቢያው አንድ ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ በሆነ ፕሪአምፕ ላይ ሲሰካ ድምፁን ሳያጐድል ይሰጣል። መግቢያው 10 ሺህ ኦም ያህል ብቻ በሆነ ሚክሰር ላይ በቀጥታ ሲሰካ ግን ባስነቱን ጥሎ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «ወፍራም ድምፅ የለውም» ብሎ የባሱን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል።

በዚያ ምሽት የሆነውም ይኸው ነው። የጓደኛችን ባስ የራሱ ፕሪአምፕ አልነበረውም፤ እኛም አላዘጋጀንለትም። ፕሪአምፕ ያለውም ቢሆን የሚሠራው በ9 ቮልት ባትሪ በመሆኑ፣ ከትርኢቱ በፊት ባትሪው ትኩስ መሆኑን መመርመር ይገባል። ከፕሪአምፑ ቀጥሎ ደግሞ ዲአይ ቦክስ የተባለች ትንሽ ሣጥን አለች። የባሱን ድምፅ በረጅም ገመድ እስከ ሚክሰሩ ድረስ ያለ እንከን የምታደርሰው እርሷ ናት።

ስለ ኡኡታውም እንናገር። ባለሙያዎች ፊድባክ ይሉታል። ማጉያው ያወጣው ድምፅ ተመልሶ የባሱን ሆድ ይመታል፤ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ክሩና ፒክአፑ አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ፒክአፑም ያንኑ ድምፅ እንደገና ወደ ማጉያው ይልካል። እንዲህ እየዞረ በአንድ አፍታ ያድጋል። በጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉ ጠርሙሱ አንድ የራሱን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ የባሱም ሆድ የሚወደው አንድ ድምፅ አለው፤ ያን ሲያገኝ ይጮኻል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ለተጫዋቹ የሚያሰማውን ሞኒተር ከባሱ ሆድ ፊት ማራቅ፤ የሆዱን ቀዳዳ በጐማ ክዳን መድፈን፤ በፕሪአምፑ ላይ «ፌዝ» የተባለ ቁልፍ ካለ ገልብጦ መሞከር፤ የሚጮኸውን ያንን አንድ ድምፅ ለይቶ በኢኳላይዘር መቀነስ፤ ከ30 ወይም ከ40 በታች ያለውን፣ ከክሩ ዜማ በታች የሆነውን ርግብግብታ ቆርጦ መጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ነገር ግን ያ አንድ ሰዓት ከየት ይምጣ? እኛ በዚያ ምሽት አዳራሹ የደረስነው እንግዶቹ መግባት ከጀመሩ በኋላ ነበር። ሞኒተሩ ከጓደኛችን ባስ ፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተደቅኖ ሳለ ልብ ያለው አልነበረም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው። የድምፅ ሠራተኛውን የምንወቅሰው ቸኩሎ ስለ ፈረደ ነው፤ ራሳችንን የምንወቅሰው ግን ለመመርመር ጊዜ ስለ ነሣነው ነው።

በዚህ ላይ ከመሥሪያ ቤቶችና ከማኅበራት የምንሰማው አንድ ጥያቄ ያስገርመናል። ዕቃ ሊገዛ ወይም ሊከራይ የሄደ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ዋት ግን እንደ ጤፍ በኩንታል የሚቈጠር አይደለም። ድምፅ ለጆሯችን ሁለት እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት፤ የ100 ዋቱን እጥፍ አድርጎ ለመስማት 1,000 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ግቡ ላይ አይደርስም። አንዱ ማጉያውን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ይከተለዋል፤ ከበሮ መቺውም በበለጠ ኃይል ይመታል፤ በመጨረሻ ሁሉም ጮኾ አንዱም አይሰማም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በመዝናኛ ሥፍራዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። የጠፋ የመስማት ኃይል በበጀት አይተካምና።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ ባስ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መለከቱ፣ ሳክስፎኑና ከበሮው በሙሉ ኃይል በሚሠሩበት ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ባስ ቦታው ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የጆቫኒ ሪኮን ባስ ያዳመጠ ሰው በዚህ አይከራከረንም። ነገር ግን ሙዚቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ክራርና ዋሽንት ወይም ማንዶሊንና አኮርዲዮን በሚሰሙበት ምሽት፣ ክሩ በእንጨት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ያ ለስላሳና አጭር ድምፅ ሌላው የማይተካው ነው። ግሩም መዝሙር ያቋቋመው አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የቀድሞዎቹን የከተማ ዜማዎች በማንዶሊንና በአኮርዲዮን አድሶ ሲያቀርብ ሰው ዝም ብሎ ያዳመጠው፣ ቀስ ብሎ የተነገረ ነገርም እንደሚሰማ ስላረጋገጠለት ይመስለናል።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ መሆንም አልነበረበትም። በገናችን ዐሥር ክር ያለው፣ ወፍራም ድምፅ የሚሰጥ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። አባቶች ማጉያ ባልነበረበት ዘመን በክሩና በድልድዩ መካከል ቊራጭ ቆዳ አግብተው፣ ወፍራሙ ድምፅ እየነዘረ ለጆሮ እንዲጐላ አደረጉት። ይህ የብልህ ሥራ ነው፤ ጆሮ የሚያዳምጠውን መርምረው፣ ድምፁን ሳይጮኹበት አጐሉት። ዛሬም በገናና ክራር ወደ ትልቅ መድረክ ሲወጡ የሚገጥማቸው ችግር የዚያው የእንጨት ባስ ችግር ነው፤ ስለዚህ ለባሱ የተማርነው ዕውቀት ለእነርሱም ይሆናል። ሳንማረው ከቀረን ግን «ለመድረክ አይሆንም» የሚለው ፍርድ ነገ በእነርሱም ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ዝግጅት የምታሰናዱ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ በፕሮግራማችሁ ላይ ከመክፈቻው ንግግር በፊት ለባንዱ የአንድ ሰዓት የድምፅ ሙከራ ጻፉለት፤ ገንዘቡንም ተጨማሪ ማጉያ ከመከራየታችሁ በፊት ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ክፈሉት። እናንተም ተማሪዎች፣ የባንዳችሁ ባስ አልሰማ ሲላችሁ የእርሱን ቁልፍ ከመጨመር በፊት የሌላውን ሁሉ ቀንሱና አዳምጡ። ብዙውን ጊዜ ባሱ እዚያው ሲጫወት ታገኙታላችሁ።

ለጓደኛችንም አንድ መልእክት አለን፦ ፕሪአምፕና የጐማ ክዳን አዘጋጅተንልሃል፤ ባስህን ይዘህ ና፤ በዚህ ጊዜ ቀደም ብለን እንደርሳለን።