ርቀቱ ከመናኸሪያ ይለካ

የጎንደርና የባህር ዳር ኤርፖርቶች በአየር የሚራራቁት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በመኪና ግን 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የደባርቅ ደጋፊ ደግሞ ጎንደር ለመግባት ብቻ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ፋሲል ከነማ ዋንጫ ባነሳበት በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ለደባርቅ የሚቀርበው ባህር ዳር ነው፤ እሱም ደርሶ መልስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ! ያኔስ ኮሮና ነበር እንበል። ከኮሮና በኋላም ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች መካሄዱ ለምን ቀጠለ?

ተጫዋቹ ይበራል፤ ደጋፊው በሚኒባስ ነው። አወዳዳሪው አካል ከተማ ሲመርጥ ርቀቱን ከኤርፖርት ሳይሆን ከመናኸሪያ ይለካ።