የመምህር እርማት

የማይሳሳት መምህር የለም፤ የሚያስመሰግነው ስሕተቱን አምኖ ማረሙ ነው። በ1992 ዓ.ም. መቀመጫው አርባ ምንጭ በነበረው በሰሜን ኦሞ ዞን፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ያደባለቀ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን ልጁ በቤቱ የማይነገረውን ንግግር በመጽሐፉ አገኘ። በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ዛሬ የአራቱም ልጆች በየቋንቋቸው ይማራሉ።

እንግዲህ በሲቀላም ሆነ በሌላ ስፍራ የምታስተምር ወጣት ሆይ፣ ተማሪህ «ይህ ቃል የእኛ አይደለም» ባለህ ጊዜ አትቆጣ። ጠይቀህ አጣራ፤ እውነት ከሆነም በፊቱ አርም። በሰሌዳ ላይ የሚታረም ስሕተት ከጥቂት ጠመኔ በላይ አያስከፍልምና።