የነፋስ ኃይል ስለሚያስቀረው የካርቦን ጢስ አቈጣጠር

ነፋስ ጢስ ሳያወጣ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠቱ ዛሬ የሚያከራክር ነገር አይደለም፤ የሚያከራክረው ከዚህ የተነሣ በያመቱ ስንት ቶን የካርቦን ጋዝ ወደ አየር ሳይወጣ ቀረ የሚለው ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ከሚያቀርቡት አንዳንዶቹ፤ ያን ያህል ኃይል ከከሰል ድንጋይ ቢገኝ ኖሮ ይወጣ የነበረውን ጢስ ሁሉ ነፋሱ እንዳስቀረው አድርገው ይጽፋሉ። ይህ ከሰል በሚነድበት አገር ወደ እውነት ይቀርብ ይሆናል፤ መብራቱ በብዛት ከውሃ ለሚመነጨው ለኢትዮጵያ ግን አይስማማም።

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ነፋስ ሁልጊዜ ባንድ ልክ ስለማይነፍስ ከሙሉ ኃይሉ ሢሶውን ይሰጣል ተብሎ ቢታሰብ፤ በዓመት ወደ 447 ሺህ ሜጋ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ለአንዱ ሜጋ ዋት ሰዓት ከከሰል አንድ ቶን ያህል፤ ከናፍጣ 700 ኪሎ ግራም ያህል የካርቦን ጋዝ ይወጣልና፤ በከሰል ቢታሰብ 447 ሺህ ቶን፤ በናፍጣ ቢታሰብ 313 ሺህ ቶን ቀረ ያሰኛል። ነገር ግን ነፋሱ ባይኖር በዚያው ሰዓት ይሠራ የነበረው የውሃ ተርባይን ከሆነ፤ ለጊዜው የተቈጠበው ውሃ እንጂ ጢስ አይደለም።

እንግዲህ መመርመር የሚገባው ያ ውሃ ኋላ የሠራው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ነፋስ የሚበረታው በበጋ፤ ወንዞች በሚጐድሉበት ወራት ነው። በግድቡ የቈየው ውሃ መብራት ሲጠፋ የሚነሣውን የናፍጣ ሞተር ካስቀረ፤ ወይም ኃይሉ በ2004 ዓ.ም. በተመረቀው መስመር ወደ ጅቡቲ ተልኮ በዚያ ይነድ የነበረውን ነዳጅ ከተካ፤ ቅናሹ እውነተኛ ነው። ግድቡ በክረምት ሞልቶ ውሃው እንዲያው ከፈሰሰ ግን የተቀነሰ ነገር የለም። ተርባይኑ ሲሠራ ብረቱና ሲሚንቶው ያስወጡት ጢስም ከዚህ ላይ ይነሣል፤ እርሱ ግን ጥቂት ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ የካርቦን ቅናሽ ዛሬ በገንዘብ የሚሸጥ መሆኑን ያስብ። ገዢው የገዛውን ቶን ቈጥሮ የራሱን ከሰል ማንደዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ያልተቀነሰ ቶን በተሸጠ ቍጥር በአየር ላይ የሚጨመረው ጢስ ነው። ሒሳቡን የሚያዘጋጁት መሥሪያ ቤቶች የነፋሱን ምርት፤ የግድቡን የውሃ ከፍታና ወደ ውጭ የተላከውን ኃይል ሰዓት በሰዓት መዝግበው አብረው ቢያወጡ፤ ቍጥሩ ከከሰሉ ሒሳብ ያነሰ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ገዢም ሆነ ተቈጣጣሪ ሲጠይቅ ግን መዝገቡን አውጥቶ ማሳየት ይቻላል።